ስለ ትናንሽ መኪናዎች አሠራርና እድሳት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የሥራ ኮሚቴው፣ አባሎች ከሙያቸው የሚያውቁትን በየዓመቱ ለሌላው እንዲያካፍሉ በወሰነው መሠረት፣ አምና ስለ ስኳር በሽታ፣ ካቻምና ደግሞ ስለ ኑዛዜ አጻጻፍ ጥሩ ትምህርት ማግኘታችን ይታወሳል። ዘንድሮ ተራው ለእኔ ደርሷል። እኔ ግን ይዤላችሁ የመጣሁት የመኪና ወሬ ነው፤ ያውም መዳፍ ላይ ስለሚቀመጥ መኪና። ከኋላ የተቀመጡት ጎረቤቶቼ ሲሳሳቁ ይታዩኛል። ግድ የለም፣ ይሳቁ። ባለቤቴም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትስቅብኝ ኖራለች፤ ዛሬ ግን ትንሽ ብሎን ምንጣፍ ላይ ስትወድቅ ቀድማ የምታገኛት እሷ ናት።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ እንጀራዬን የበላሁት ጋራዥ ውስጥ፣ በቦዲና በቀለም ሥራ ነው። ቀን የተጋጨ በር ሳቀና፣ ስቱኮ ስቀባ፣ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ እውልና ማታ ቤቴ ገብቼ ያንኑ ሥራ በትንሹ እደግመው ነበር። «ቀን የሠራኸው አይበቃህም ወይ?» ይሉኛል። እንዴ! ልዩነቱ ብዙ ነው እኮ። ቀን የሚሠራው መኪና ባለቤቱ ደጅ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነው። ማታ የምሠራውን የሚጠብቅ ሰው የለም። አንዱን ኮፈን ሦስት ሳምንት ብፈትገው ጠያቂ የለኝም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህማ ቀንም ማታም የእሱው ሆኗል።

በመጀመሪያ ስለ ልክ ልናገር። ትንሽ መኪና ሁሉ ሞዴል አይባልም። ለሕፃን መጫወቻ የሚሆነው መኪና ከመሰለ ይበቃዋል። ሞዴል የሚባለው ግን ከእውነተኛው መኪና ላይ ተለክቶ፣ ጎማውም በሩም ስፖኪዮውም በአንድ ቁጥር ተካፍሎ የተሠራ ሲሆን ነው። በብዛት የሚገኙት ልኮች 1/43 እና 1/24 ናቸው። በ1/43 አንድ ሜትር የነበረው 2.3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ1/24 ደግሞ 4.2 ሳንቲ ሜትር ያህል። ስንቶቻችን ተጣበን የሄድንባት ሰይቸንቶ፣ ማለት ፊያት 600፣ ርዝመቷ 3.2 ሜትር ገደማ ነበር። በ1/43 ስትሠራ 7.5 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች፤ የክብሪት ቀፎ አንድ ተኩል ያህል ማለት ነው።

አርባ ሦስት የሚል የማይመች ቁጥር ከየት መጣ የሚል ይኖራል። ከባቡር ነው የመጣው። እንግሊዞች «ኦ» የሚባለውን የአሻንጉሊት ባቡር ሲሠሩ አንዱን ጫማ በ7 ሚሊ ሜትር ተመኑት፤ ሲካፈል 43.5 ይመጣል። መኪናዎቹም መጀመሪያ የተሠሩት ከባቡሩ ጣቢያ አጠገብ እንዲቆሙ ስለነበር በዚያው ልክ ቀሩ።

ቀለም ቀቢ ስለሆንኩ ስለ ቀለም ሳልናገር አላልፍም። በእውነተኛ መኪና ላይ ያለው ቀለም ከነመሠረቱ ተደምሮ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ይወፍራል። ያንኑ ውፍረት በ1/43 መኪና ላይ ብታለብሱት፣ እውነተኛውን መኪና ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ በሆነ ቀለም እንደ መለሰን ነው የሚቆጠረው። የበሩ መስመር ይደፈናል፣ የኮፈኑ ጠርዝ ይጠፋል፣ መኪናዋ ገንፎ የፈሰሰባት ትመስላለች። ስለዚህ ቀለሙ በደንብ ቀጥኖ፣ አንዱ እስኪደርቅ ሌላው እየጠበቀ፣ ደጋግሞ ነው የሚረጨው። አቧራም ጠላት ነው። በትልቅ መኪና ላይ የማይታይ ብናኝ በትንሿ ላይ ጠጠር ያህላል። እኔ ከመርጨቴ በፊት ወለሉ ላይ ውሃ አርከፈክፋለሁ፤ ጋራዥ የሠራ ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቀዋል።

እነዚህን መኪናዎች በማውጣት ዓለም ያወቃቸው እንግሊዞች ናቸው። (ዓመቶቹን የምናገረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ዲንኪ ቶይስ የሚለው ስም የወጣው በ1934 ሲሆን፣ ሠሪው ሊቨርፑል ከተማ የነበረው የሜካኖ ፋብሪካ ነው። በ1956 ኮርጊ የሚባለው ተወዳዳሪ መጣበት። ኮርጊ ለመስኮቶቹ የፕላስቲክ መስተዋት አስገብቶ ሲመጣ ዲንኪም ሳይወድ በግድ ተከተለ። ማችቦክስ የሚባሉት ትናንሾቹ ደግሞ በ1953 ከሌዝኒ ፋብሪካ ወጡ። ስማቸው ራሱ የክብሪት ቀፎ ማለት ነው። የፋብሪካው ሰው የነበረው ጃክ ኦዴል፣ የልጁ ትምህርት ቤት ከክብሪት ቀፎ የሚበልጥ አሻንጉሊት ይዞ መግባት ስለከለከለ፣ ቀፎ ውስጥ የምትገባ የመንገድ መዳመጫ ሠራላት ይባላል። የሊቨርፑሉ ፋብሪካ በ1979 ተዘጋ፤ ሌዝኒም በ1982 ከሰረ። ስሞቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ቀጥለዋል።

ዲንኪ የእኛን ቤተኞችም ሠርቷል። ቁጥር 181 ቮልስ ናት፤ ቁጥር 183 ሰይቸንቶ ናት። እኔ ጋ ያለችው ሰይቸንቶ ስትመጣ ጎማ የሌላትና ጣሪያዋ የተላጠ ነበረች፤ ከታች ሰማያዊ ከላይ ነጭ አድርጌ የአዲስ አበባ ታክሲ አደረግኳት። ላዳን የሚፈልግ ደግሞ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዕቃ ነው የሚዞረው፤ ሳራቶቭ ከተማ የነበረ ፋብሪካ በ1/43 እያሳመረ ያወጣቸው ነበር። አንዲቱን ላዳ የሰጠኝ ከዚያ አገር ተምሮ የተመለሰ የእድራችን አባል ነው። በሮቿም ኮፈኗም ይከፈታሉ።

አሁን ወደ እድሳቱ ልግባ። አሮጌ መኪና እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው ምንም አለማድረግ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሁለት ሦስት ቀን አየዋለሁ። በአራቱም በኩል ፎቶ አነሳዋለሁ፤ ድሮ በእርሳስ እስለው ነበር። ከዚያ በኋላ እገለብጠዋለሁ። የሆዱ ላሜራ ከቦዲው ጋር የተያያዘው በብሎን አይደለም። ከቦዲው ጋር አብሮ የፈሰሰ ትንሽ ዘንግ አለ፤ ጫፉ ተቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ተዘርግቷል። በካቻቢቴ ልፈልቅቀው ያለ ሰው ላሜራውን ያጣምመዋል። እኔ የተዘረጋውን ጫፍ ብቻ በእጅ ትራፓኖ ቀስ እያልኩ እበላዋለሁ፤ ዘንጉን አልነካም። መልሼ ስገጥም ዘንጉ መሐል 1.6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አውጥቼ፣ ጥርስ አውጥቼለት፣ በ2 ሚሊ ሜትር ብሎን አስረዋለሁ። ከዚያ በኋላ የፈለገ ሰው ሳይሰብር ሊፈታው ይችላል።

ቀለሙን ለማንሳት ሱቅ የሚሸጠውን ማስለቀቂያ ከጓንት ጋር መጠቀም ነው። ኮስቲክ ሶዳ የሚጠቀሙ አሉ። ሶዳው ግን ቀለሙን ሲጨርስ ወደ ዕቃው ይዞራል፤ ዚንክና አሉሚኒየም መብላት ይወዳል። ዓይን ካገኘም ዓይን ያጠፋል። ልጅ ባለበት ቤት ይህ ነገር ባይገባ እመርጣለሁ። ቀለሙ ከተነሳ በኋላ ያለው ሥራ የጋራዥ ሥራ ነው፤ በቀጭን ሞረድ ማስተካከል፣ በብርጭቆ ወረቀት ከውሃ ጋር መፈተግ፣ መሠረት መርጨት፣ ቀለም መርጨት። እዚህ ላይ አልቆይም።

ልቆይበት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ብረት ብረት እያልን የምንጠራው ይህ ዕቃ እውነተኛ ብረት አይደለም። ዚንክ ነው፤ ከጥቂት አሉሚኒየም ጋር ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ። ዚንኩ ንጹሕ ከሆነ የሰው ዕድሜ ይኖራል። እርሳስ ጥቂት እንኳ ከተቀላቀለበት ግን ከውስጡ ይታመማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የወጡትን ዲንኪዎች ብዙዎቹን የጨረሳቸው ይኸው ነው። መጀመሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል። ከዚያ ዕቃው ያብጣል፣ ይጣመማል፣ በመጨረሻ ሲነኩት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም። ቢቀቡትም ከሥር ሥራውን ይቀጥላል። የሚደረግለት ነገር ቢኖር ደረቅና ሙቀቱ ከማይለዋወጥ ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ነው። «ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ይተላለፋል» የሚሉ አሉ፤ ሐሰት ነው። አይተላለፍም። በሽታው ከፋብሪካው አብሮት የተወለደ ነው። ስለዚህ የታመመውን ከጎረቤቶቹ ለይታችሁ አትጣሉት፤ አጠገባቸው ይቁም።

ስለ ፕላስቲኮቹ በአጭሩ ልለፍ። በካርቶን ተበታትነው ተሽጠው ባለቤቱ የሚገጥማቸው ናቸው። የጃፓኑ ታሚያ የ1966ቱን ቮልስ በ1/24 አውጥቷል፤ ሲያልቅ 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሙጫው እንደ ሌላ ሙጫ የሚያጣብቅ አይደለም፤ ፕላስቲኩን ራሱን አቅልጦ እርስ በእርሱ ያዋህደዋል። ስለዚህ ጠብታ ከበዛ የፈሰሰበት ቦታ ሁሉ ይቀልጣል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ለስላሳ ጎማ ከፕላስቲክ ጋር ለዓመታት ተነካክቶ ከተቀመጠ ፕላስቲኩን ይበላዋል። መኪናዎቹን በአንድ ሣጥን ከምሮ ማስቀመጥ አይገባም፤ እያንዳንዱ በወረቀት ይጠቅለል።

እስካሁን ስለ ፈረንጅ ዕቃ ነው ያወራሁት። እኛስ? እኛማ ከሽቦ፣ ከሰርዲን ቆርቆሮና ከቆርኪ ሠርተን አይደል እንዴ ያደግነው! መሪው ረጅም ሽቦ ሆኖ፣ ቆመን እየነዳን፣ በአፋችን ካምቢዮ እየቀየርን። የዚያን ጊዜውን አሁን የያዘ ሰው ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ካቻምና አንዲት እናታችን ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ በነጠላ ጠቅልለው ያመጡልኝን የጭነት መኪና እስከ ዛሬ የማልረሳው። ባለቤታቸው ልጅ ሳሉ በገዛ እጃቸው ከዘይት ቆርቆሮ የሠሩት ነው። እናታችን «ልጄ፣ አድስልኝ፤ ቀይ ቀለም ቀብተህ አዲስ አድርግልኝ፤ ሳሎን ላስቀምጠው» አሉኝ።

ገልበጥ አድርጌ አየሁት። በአንዱ ጎኑ ላይ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ይታያሉ፤ በእርዳታ ይመጣ የነበረው የአሜሪካን ዘይት ምልክት። ቆርቆሮው የታጠፈው በመዶሻ ሳይሆን በጥርስና በድንጋይ መሆኑ ያስታውቃል። የፊት ጎማው ቆርኪ በሌላ ቆርኪ ተተክቷል፤ ማለት አንድ ጊዜ ተበላሽቶ ያው ልጅ ጠግኖታል። ይህን ሁሉ በቀይ ቀለም ልሸፍነው? «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልቀባውም» አልኳቸው። በጣም አዘኑብኝ። ገንዘብ የፈለግኩ መስሏቸው መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። አስቀምጬ ምልክቱን፣ ጥፍር የሚያህለውን እጥፋት፣ የተተካውን ቆርኪ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ይኼንን ቆርኪ የተካው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ነግሮኛል» አሉ። እሱን እኔ ከየት አውቀዋለሁ! ዝገቱን በጨርቅና በቀጭን ዘይት ብቻ አቁሜ፣ ሰም ቀብቼ ሰጠኋቸው። ዛሬም ሳሎናቸው አለ፤ የሄደ ሰው ሊያየው ይችላል።

ይህ ነገር ለፈረንጁም ዕቃ ይሠራል። ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ ነገር ግን ፋብሪካው የቀባው የሆነ ዲንኪ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው አሳምሮ ከቀባው ዲንኪ ይልቅ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ካርቶኑ ካለማ ካርቶኑ ብቻውን የመኪናዋን ያህል የሚያወጣበት ጊዜ አለ። እኔ የማድሰው ቀለሙ አልቆ ዕርቃኑን የቀረውን፣ ጎማው የጠፋውን፣ ልጅ ሚስማር ያበቀለበትን ነው። ሌላውን አቧራውን ጠርጌ እመልሳለሁ። ቀለም ቀቢ ሆኜ «አትቀቡ» ስል ይገርማችሁ ይሆናል፤ ግን እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ እድራችን ጉዳይ እመጣለሁ፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ አረፈ። የሌላ እድር አባል ስለነበረ ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። አርባ የሚሆኑ ዲንኪዎችና ኮርጊዎች ነበሩት፤ ገሚሶቹ ከነካርቶናቸው። ከእኔ ጋር እየተቀያየርን፣ እየተከራከርን ነው የሰበሰባቸው። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው ወጣ። ከአርባው በኋላ ቤቱ ሲጸዳ፣ ልጆቹ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር አውጥተው «የአባባ አሻንጉሊት» ብለው ለልዋጭ ሰጡት። በለውጡ የመጣው ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ ነው። እኔ የሰማሁት በሳምንቱ ነው። ልዋጩን ሠፈር ለሠፈር ፈለግኩት፤ መርካቶም ወረድኩ፤ ምናለሽ ተራን ሁለት ቀን ዞርኩት። አንዲት የኮርጊ በር ብቻ አገኘሁ።

ልጆቹን አልወቅስም። ማን ነገራቸው? ሰውዬው በሕይወት ሳለ ሣጥኑን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም ነበር፤ ምን እንዳለበትም ለማንም አልተናገረም። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ደግሞ ቤቱን ቶሎ ባዶ ማድረግ ይፈልጋል፤ ይህን ድንኳን ስንተክልና ስንነቅል የኖርን ሰዎች እናውቀዋለን። ካቻምና ስለ ኑዛዜ ያስተማሩን ወንድማችን ስለ ቤትና ስለ ገንዘብ ነበር የነገሩን። እኔ የምጨምረው ስለ አልጋ ሥር ሣጥን ነው። መኪና ብቻ አይደለም፤ ቴምብር የሚሰበስብ፣ የሸክላ ሙዚቃ ያለው፣ አሮጌ ሬዲዮ የሚጠግን፣ የድሮ ፎቶ ያከማቸ በመካከላችን አለ።

እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተር ገዛሁ። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ መስመር ሰጠሁት፤ ምን እንደሆነ፣ ከማን እንደመጣ፣ የፋብሪካ ቀለም ነው ወይስ የእኔ ቀለም፣ በእኔ ግምት ይሸጣል ወይስ ለማን ይሰጥ። ከሆዱ ሥር በእርሳስ ቁጥር ጻፍኩበት፤ በእስክሪብቶ አይደለም፣ እርሳስ ይጠፋል ከተፈለገ። ደብተሩ ያለው ከእድሩ መታወቂያዬ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ነው። ምክንያቱም የእድር መታወቂያ በዚያ ቀን መጀመሪያ የሚፈለግ ወረቀት ነው። ሥራ ኮሚቴው ቢስማማበት፣ አባል ሲያርፍ ቤተሰቡን የሚያጽናኑት ሽማግሌዎች «አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ ያለውን ሣጥን ከአርባ በፊት አታውጡ፤ የሚያውቅ ሰው ይየው» ብለው አንድ ቃል ቢጨምሩ ወጪ የለውም። ሐሳቡን በጽሑፍ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። አሁን እየሠራሁት ያለሁት ኤንትሬ ነው፤ ከላሜራ፣ በ1/24፣ ከነተሳቢው። ፊያት 682 ማምረት የጀመረው በ1952 ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ ኤን ሦስት የሚለውን የጣሊያን ቁጥር ጠርቶ ኤንትሬ አለው። ቦዲውን አንድ ግቢ ውስጥ ከቆመ እውነተኛ ኤንትሬ ላይ በሜትር ለክቼ ጨርሻለሁ፤ ጎማውም አልቋል። የቆመው መኪና ግን ውስጡ ባዶ ነው፤ ወንበሩም መጋረጃውም የለም። መስመሩ እስከተዘጋበት እስከ 1998 ድረስ አሰብ ስትመላለሱ የነበራችሁ አባቶች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ፤ አራቱን በስም አውቃችኋለሁ፣ አላጋልጣችሁም። ረዳቱ የት ነበር የሚተኛው? የውሃው ጀሪካን የት ይታሰር ነበር? ከመስተዋቱ በላይ ምን ትጽፉ ነበር? ፎቶ ያለው ፎቶውን ያሳየኝ፤ የሌለው መጥቶ ይንገረኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት አለሁ፤ ቡናም ይፈላል።